ለአራዳ ሱቅና ለማራኪ ግቢ ሴኩሪቲ ካሜራ፦ የቱን ልግዛ? የት ይገጠም?

የጥልፍ_ቤት

ሰላም የጎንደር ልጆች። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

አራዳ የሀገር ልብስ ሱቅ አለኝ። ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጋቢ፣ የልጆች ልብስ እንሸጣለን። በሩ አንድ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ቀጥ ብላ ትገባለች። ከኋላ ዕቃ የምናስቀምጥባት ትንሽ ክፍል አለች። ገበያ ሲደምቅ ልብስ ይጠፋል። ማን እንደወሰደ አይታወቅም። መጨረሻ ላይ ጥርጣሬው የሚያርፈው አብረውኝ በሚሠሩት ልጆች ላይ ነው። ከጠፋው ልብስ በላይ የሚያመኝ እሱ ነው።

ሌላው ማራኪ ያለው የእናቴ ግቢ ነው። ሁለት ክፍል ተከራይቷል። እናቴ አርጅታለች። ለከተራና ለጥምቀት ሁላችንም ከታቦት ጋር ስንወጣ ግቢው ጭር ይላል።

አንድ ባለሙያ መጥቶ አየና ስምንት ካሜራ ያስፈልጋል አለኝ፤ ለሱቅ አራት፣ ለግቢ አራት። ውጭ ያለው ወንድሜ ደግሞ «ገንዘብሽን አታባክኚ፣ ዋይፋይ ካሜራ እልክልሻለሁ፣ በስልክሽ ታያለሽ» ይላል። የቱን ልስማ? መብራት ሲጠፋስ ምን ይሆናል? ኔትስ ከሌለ? ካሜራ አስገጥማችሁ የተጠቀማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሽቦ_ዘርጊ

እህቴ፣ ሳትገዢ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ሥራዬ ካሜራ መግጠም ነው።

«ስንት ካሜራ» የሚለውን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ የሰው ፊት የግድ መታየት ያለበት ቦታ የት ነው? አንቺ ሱቅ ላይ መልሱ አንድ ነው፣ በሩ። የገባ ሁሉ በዚያ ነው የሚገባው። እዚያ ላይ ፊቱ ጥርት ብሎ ከተያዘ፣ ውስጥ ያለው ካሜራ ምን እንዳደረገ ብቻ ቢያሳይሽ ይበቃል።

አሁን ብዙ ሰው የማይነገረውን ልንገርሽ። ሻጩ ዘወትር የሚሰጥሽ 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። ከ100 ዲግሪ በላይ ያያል። ስክሪኑ ላይ ሱቁ ከዳር እስከ ዳር ሲታይ ደስ ይላል። ግን በሰፊው ባየ ቁጥር ሰው እያነሰ ይሄዳል። 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ምስሉ በወርዱ 1920 ነጥብ ነው። የማታውቂውን ሰው በፊቱ ለመለየት በአንድ ሜትር ወርድ ላይ 250 ነጥብ ያስፈልጋል። አይኢሲ 62676-4 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2014 እትሙ ያስቀመጠው ቁጥር ይህ ነው። 1920ን ለ250 ስታካፍዪው 7.7 ሜትር ገደማ ይመጣል። እንግዲህ ካሜራው ከዚያ የሰፋ ቦታ ሲያይ ፊት አይለይም ማለት ነው። 2.8 ሌንስ ደግሞ ያንን ወርድ የሚሞላው ገና 3 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለ ሰው «ቀይ ሹራብ የለበሰ ወጣት» ብቻ ይሆንብሻል። 4 ሚሊሜትር ሌንስ 4 ሜትር አለፍ ይላል። 6 ሚሊሜትር 7 ሜትር ይደርሳል፣ የሚያየው ግን ጠበብ ያለ ቦታ ነው።

ስለዚህ በሩን ለሚያየው ካሜራ 4 ወይም 6 ሚሊሜትር ጠይቂ፣ እንደ ሱቅሽ ጥልቀት። ለውስጡ 2.8 ይሁን።

ከፍታውን አደራ። ጣሪያው ጥግ 3 ሜትር ተኩል ላይ የተሰቀለ ካሜራ የሰው አናት ነው የሚያሳይሽ። ጎንደር ደግሞ ጠዋት ማን ራሱን ሳይከናነብ ይወጣል? ጋቢ አለ፣ ሻሽ አለ፣ ኮፍያ አለ። የበሩ ካሜራ ከ2.2 እስከ 2.5 ሜትር ላይ ቢሆን ፊት ይይዛል።

ሌላው ያቺ የጠዋት ፀሐይ ናት። ከውስጥ ወደ በሩ የሚያይ ካሜራ ብርሃኑ ከሰውየው ኋላ ስለሚመጣ ሰውየውን ጥቁር ጥላ ያደርገዋል። ካርቶኑ ላይ ደብሊውዲአር (ብርሃንና ጥላ ያለበትን ምስል አመጣጥኖ የሚያሳይ) 120 ዴሲቤል የሚል ፈልጊ። «ዲጂታል ደብሊውዲአር» ብቻ ከሆነ ለእንደዚህ ዓይነት በር አይበቃም። ከተቻለ ደግሞ በሩን ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ገደድ አድርጎ እንዲያይ ይገጠም።

ለሱቅሽ ሦስት ይበቃል። በሩ፣ ውስጡ፣ የዕቃ ክፍሏ በር። ስለ ግቢው ንድፉን ከነገርሽኝ እመለስበታለሁ።

ፒያሳ_ፔንሲዮን

ዋይፋዩን በተመለከተ ያየሁትን ልንገርሽ። የኛ ቤት በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው። ራውተሩ እንግዳ መቀበያው ጋ ሆኖ ኮሪደሩ ላይ የነበረው ካሜራ በቀን ደጋግሞ ይቋረጥ ነበር። በሽቦ ካስቀየርን ወዲህ ችግሩ ጠፋ። ብሎኬት ቤት ከሆነ ትንሽ ይሻላል፣ ሆኖም በሽቦ የመጣን ካሜራ የሚያህል የለም።

ባሕር_ማዶ

እኔ ደግሞ የወንድምሽን ስሜት እረዳዋለሁ። እናትህን በስልክ ብቻ እያየህ ስትኖር በካሜራም ቢሆን በሩን ማየት ያሳርፋል።

ግን ከመላኩ በፊት ይህን አሳዪው። እዚህ የሚሸጡት ብዙዎቹ የቤት ካሜራዎች ቀረጻውን የሚያስቀምጡት ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፤ ለዚያም በየወሩ ይከፈላል። ኔት ሲቋረጥ ካሜራው መብራቱን አብርቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ምንም አይቀዳም። ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ካልሆነ አይላክ። ካርድ የሚቀበለውም ቢሆን ሌባው ካሜራውን ነቅሎ ሲሄድ ካርዱንም ይዞት ይሄዳል። ሌላው አዳፕተሩ ነው። ላዩ ላይ 100-240 ቮልት የሚል ካልተጻፈበት 220 ላይ እንዳትሰኪው፣ ይቃጠላል።

ሽቦ_ዘርጊ

ባሕር ማዶ ልክ ብለሃል። አንድ ልጨምር። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ብዙ ጊዜ ኤንቲኤስሲ በሚባለው የአሜሪካ ቪዲዮ ሥርዓት፣ 60 ኸርዝ ላይ ተደርጎ ነው የሚመጣው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ያንን ሳትቀይሪ ብታበሪው ሸንበቆ (ፍሎረሰንት) መብራት ባለበት ክፍል ምስሉ ላይ ሰንበር የመሰለ መስመር ይሄዳል፣ ብልጭ ብልጭም ይላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ፓል ወይም 50 ኸርዝ ስታደርጊው ይስተካከላል። ካሜራው ተበላሽቷል ብሎ የጣለ ሰው አውቃለሁ።

ለወንድምሽ ደግሞ መፍትሔ አለው። ቀረጻው እዚሁ ሪከርደሩ (የካሜራዎቹን ምስል የሚቀዳው ሣጥን) ላይ ይቀመጣል። ኔት ባለ ጊዜ እሱ በአፕ ገብቶ ያያል። ኔት ሲጠፋ እሱ ማየት ያቆማል እንጂ ቀረጻው አይቆምም። ከሩቅ ሲያይ ሰብ ስትሪም በሚባለው ቀጭን ምስል ቢሆን ዳታም ብዙ አይበላም።

የጥልፍ_ቤት

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ለወንድሜ ላኩለት፣ «እሺ፣ እንግዲያው ሪከርደሩን እኔ እከፍላለሁ» አለ።

ግቢው እንዲህ ነው። የብረት በር መንገድ ላይ፣ ከገባሽ በግራ የተከራዮቹ ሁለት ክፍል፣ ፊት ለፊት የእናቴ ቤት፣ ከኋላ ማድ ቤትና ዝቅ ያለ አጥር። ሌባ ቢመጣ በዚያ ነው የሚመጣው ብለን እንፈራለን።

አዘዞ_መጋዘን

በመሀል ስለገባሁ ይቅርታ፣ ሽቦ ዘርጊ እያለ ልጠይቅ ብዬ ነው። መጋዘኔ በር ላይ ያለው ካሜራ ቀን ቀን በደንብ ይሠራል። ማታ አንድ ሰዓት አካባቢ ይጠፋል። ንጋት ላይ ራሱ ይመለሳል። የገጠመው ሰው «ካሜራው ተበላሽቷል» ብሎ ሌላ አስገዛኝ። አዲሱም ያንኑ አደረገ።

ሽቦ_ዘርጊ

ካሜራው ጤነኛ ነው ወንድሜ። ከአዳፕተሩ እስከ ካሜራው ስንት ሜትር ነው? መብራቱ የሚሄደው በምን ሽቦ ነው?

አዘዞ_መጋዘን

50 ሜትር ይሆናል። የኔትወርክ ሽቦ ነው፣ ከውስጡ ሁለቱን ክር ለመብራት ተጠቅሞበታል።

ሽቦ_ዘርጊ

ተገኘ። እንዲህ ነው ነገሩ።

ካሜራው 12 ቮልት ይፈልጋል። ቀን ላይ የሚጠቀመው ትንሽ ነው፣ 0.2 አምፔር ቢሆን ነው። ሲመሽ ኢንፍራሬድ መብራቶቹ (ካሜራው በጨለማ የሚያይባቸው) ይበራሉ፣ ያኔ 0.5 አምፔር ይደርሳል። የኔትወርክ ሽቦ አንዱ ክር በጣም ቀጭን ነው። 50 ሜትር ሄዶ 50 ሜትር ሲመለስ ወደ 9 ኦም ይሆናል። ቀን 0.2 ሲባዛ በ9፣ 1.8 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ለካሜራው 10.2 ይደርሰዋል፣ ይሠራል። ማታ 0.5 ሲባዛ በ9፣ 4.5 ቮልት ይቀራል፤ ለካሜራው 7.5 ብቻ ይደርሰዋል። ይጠፋል። ረጅም ቀጭን ጎማ ጫፍ ላይ ውኃው እንደሚደክመው ማለት ነው።

ማረጋገጥ ከፈለግህ ማታ ካሜራው ጫፍ ላይ በሜትር ለካው። መፍትሔው ወይ አዳፕተሩን ካሜራው አጠገብ አምጥቶ መሰካት፣ ወይ ለመብራቱ ብቻ 1 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ መዘርጋት ነው። በ1 ካሬ ሽቦ ያው 50 ሜትር ላይ ማታ የሚጠፋብህ አንድ ቮልት እንኳ አይሞላም።

ሽቦው ንጹሕ መዳብ መሆኑንም እይ። ገበያ ላይ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ መዳብ የተቀባ ሽቦ ሞልቷል። በምላጭ ፋቅ ስታደርገው ነጭ ከወጣ ተወው። ኪሳራው ይብሳል፣ ቶሎም ይሰበራል።

አዘዞ_መጋዘን

ለካሁት። ማታ 7.8 ነው የሚያሳየው! አዳፕተሩን ዘበኛው ቤት አምጥቼ ሰካሁት፣ ሌሊቱን ሙሉ አልጠፋም። ሌላ ካሜራ በከንቱ መግዛቴ አናደደኝ እንጂ ተገላግያለሁ። ተባረክ።

ሽቦ_ዘርጊ

እንኳን ደስ አለህ። የጥልፍ ቤት፣ ላንቺም ቢሆን ይህ ነገር ይመለከትሻል። አሁን ከመነሻው ስለምትዘረጊ ፖኢ የሚባለውን አድርጊው። በአንድ ካት 6 ሽቦ ምስሉም መብራቱም አብሮ ይሄዳል፣ እስከ 100 ሜትር። መብራቱ የሚሄደው በ48 ቮልት አካባቢ ስለሆነ እንዲህ ያለ ችግር የለውም። ለዚህ ኤንቪአር የሚባለው ሪከርደር ያስፈልጋል። ዲቪአር ደግሞ እንደ ቴሌቪዥን አንቴና ሽቦ ባለ ኮአክሲያል ሽቦ የሚሠራው ሪከርደር ነው። እሱም መጥፎ አይደለም። ሱቁ ውስጥ ድሮ የተዘረጋ ሽቦ ቢኖር ኖሮ ዲቪአር በርካሽ ይሻልሽ ነበር እልሽ ነበር።

ለግቢው ሦስት። አንዱ ከውስጥ ወደ ብረት በሩ፣ አንዱ ከኋላ አጥሩን ርዝመቱን ተከትሎ የሚያይ፣ አንዱ የእናታችን በረንዳ ላይ። የኋላውን ካሜራ ከጣሪያው ክዳን ሥር ስታደርጉት ነጩ ግድግዳ ወይም ቆርቆሮው ከምስሉ ዳር እንዳይገባ። ማታ ኢንፍራሬዱ እሱ ላይ ያርፍና ይመለሳል፣ ካሜራው ዓይኑ ይታወራል፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ጨለማ ይሆናል። መስኮት ውስጥ ሆኖ በመስታወት ወደ ውጭ የሚያይ ካሜራም እንደዚያው ነው። ማታ የሚያየው የራሱን ብርሃን ነው።

የሸረሪት ድርንም አትናቁ። ሌንሱ ላይ ያደራች ሸረሪት ሌሊቱን ሙሉ «ሰው ገባ» እያለች ስልካችሁን ታንጫጫለች። በየጊዜው በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት።

ቀሃ_ማዶ

የመብራቱን ጥያቄ ማንም አልመለሰላትም። እኔ ኢንቨርተርና ባትሪ ላይ ስለምሠራ ልሞክር።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ፖኢ ካሜራ 5 ዋት ያህል ይበላል፣ ሦስቱ 15። ሪከርደሩ ከነሀርድ ዲስኩ 15። ራውተሩ 8። በድምሩ ወደ 40 ዋት። ኮምፒውተር ቤት የምታዪው ትንሹ ዩፒኤስ ውስጡ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ነው፣ 84 ዋት ሰዓት። ሲቀየር የሚባክነውን ቀንሺና አንድ ሰዓት ተኩል ቢያቆይሽ ነው። ለአጭር መቋረጥ ይበቃል። ሌሊቱን በሙሉ ለማለፍ ግን 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪና ኢንቨርተር ያስፈልጋል። 1200 ዋት ሰዓት ነው፤ የአሲድ ባትሪ ከሆነ ከግማሽ በላይ ባታወርጂው ዕድሜው ይረዝማል። በ600 ሂሳብ፣ ኪሳራውን ቀንሰሽ፣ ከምሽት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ገደማ ይሄዳል።

ቴሌቪዥኑን ወይም ስክሪኑን ባትሪው ላይ አትሰኪ። ብዙ የሚበላው እሱ ነው።

ክረምት ሲገባ ደግሞ መብረቁን ታውቂዋለሽ። ውጭ ያለ ካሜራ ሽቦው ረጅም ነው፣ መብረቅ አጠገብ ሲወድቅ በሽቦው ገብቶ ሪከርደሩን ይበላዋል። ሰርጅ ፕሮቴክተር ይግባበት፣ ቤቱም በትክክል መሬት የተያዘ (ኧርዝ የተደረገ) መሆኑን ኤሌክትሪሻን ያረጋግጥ። መሬት ያልተያዘ ቤት ላይ ሰርጅ ፕሮቴክተሩ ዋጋ የለውም።

የጥልፍ_ቤት

ስንት ቀን ነው የሚያስቀምጠው? ባለሙያው «500 ጊጋ ይበቃል» ብሎኛል።

ሽቦ_ዘርጊ

አይበቃም። ኤች 265 (ቪዲዮውን ጨምቆ የሚያሳንስ አሠራር) ላይ ተደርጎ አንድ ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢይዝ በቀን 21.6 ጊጋባይት ነው። ሦስቱ 65 ጊጋባይት። 500 ጊጋ ሳምንት ብቻ ያቆያል። አንቺ ልብስ መጥፋቱን የምታውቂው ቆጠራ ስታደርጊ ነው አይደል? ስለዚህ 2 ቴራ ግዢ፣ አንድ ወር ይይዝልሻል። ሪከርደሩ ኤች 264 ላይ ሆኖ ከተተወ ለዚያው ጥራት እጥፍ ያህል ቦታ ይበላል፣ ሲገጠም አይተሽ አስቀይሪው።

ሀርድ ዲስኩ ለካሜራ የተሠራው ይሁን። ዌስተርን ዲጂታል ፐርፕል ወይም ሲጌት ስካይሆክ የሚባሉት ሌት ተቀን ለመጻፍ የተሠሩ ናቸው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ዲስክ የሚሰጥሽ ካለ አትቀበዪ።

ሕግ_ተማሪ

ተከራዮች አሉ ስላልሽ ይህን ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰውን ግላዊ ሕይወት ይጠብቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ወጥቷል። ሰው የሚለይበት ምስል የግል ዳታ ነው።

በተግባር ምን ማለት ነው? በረንዳው ላይ ያለው ካሜራ የተከራዮቹን በርና መስኮት ውስጥ አይይ። ሪከርደሩ ውስጥ ማስክ የሚባል አለ፣ የማይታየውን ቦታ ጥቁር ያደርገዋል። የጎረቤት ግቢም በአጥር ላይ ከታየ እንዲሁ። ተከራዮቹን ቀድመሽ አነጋግሪያቸው፣ የት የት እንደሆነ በዓይናቸው ይዩት። ሱቅ ውስጥ ልብስ የሚለካበት ጥግ ካለ ካሜራ ወደዚያ በፍጹም አይዞርም። በሩ ላይ «በካሜራ ይጠበቃል» ብለሽ ጻፊ። ድምፅ መቅጃውን አጥፊው፣ ለሌባ አይጠቅምሽም፣ የሰው ወሬ ግን ይሰበስባል።

ሠራተኞችሽንም እንዲሁ። ሳይነገራቸው ካሜራ ቢያዩ የተጠረጠሩ ይመስላቸዋል። አንቺ ደግሞ ያሰብሽው እነሱን ከጥርጣሬ ለማውጣት ነው። ያንኑ ንገሪያቸው።

የጥልፍ_ቤት

ይህን ስላነሳሽልኝ አመሰግናለሁ። መለኪያው ጥግ እውነትም ውስጡን በሚያየው ካሜራ ሥር ነው የሚወድቀው። መጋረጃውን ወደ ዕቃ ክፍሏ አዞረዋለሁ። ልጆቹንም ዛሬውኑ አነጋግራለሁ።

ጡረተኛው

ልጄ፣ ረጅም ዘመን በምርመራ ሥራ ላይ የነበርኩ ሰው ነኝ። ካሜራ ኖሮ ቀረጻው ለምንም ሳይውል የቀረበት ጉዳይ ብዙ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በሰዓት ምክንያት ነው።

መሣሪያው ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው በቻይና ሰዓት ተሞልቶ ይመጣል። የቻይና ሰዓት ከእኛ በ5 ሰዓት ይቀድማል። ገጣሚው ሳይቀይረው ይሄዳል። ከወራት በኋላ ስርቆት ሲደርስ ምስክሩ «ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው» ይላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 20፡00 ማለት ነው። ካሜራው ግን 01፡00 ያሳያል፣ ቀኑም ወደ ማግስቱ አልፏል። ጠበቃው ይህንን ይዞ ማስረጃውን ያስጥለዋል። ስለዚህ የሰዓት ክልሉ ጂኤምቲ +3 ይሁን። ኔት ከሌለ ሰዓቱ ቀስ በቀስ ይዛነፋል፣ አልፎ አልፎ ከስልክሽ ጋር አስተያዪው። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚታይ ቃል ስትሰጪ ሁለቱንም አስጽፊ።

ነገር ከደረሰ ስክሪኑን በስልክ አትቅረጪ። እሱ ማስረጃው ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ከሪከርደሩ ራሱ ወደ ፍላሽ አውጪው። ከድርጊቱ ግማሽ ሰዓት በፊትና በኋላ ያለውንም ጨምሪ፤ ሌባ አስቀድሞ መጥቶ ቦታውን አይቶ ይሄዳል። ሁለት ፍላሽ ይሁን። አንዱን ለፖሊስ ስትሰጪ ማን እንደተቀበለሽና መቼ እንደሆነ ጻፊ። ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን በራሱ ይደመስሳል፣ ስለዚህ «ነገ አወጣዋለሁ» አይባልም።

የጥልፍ_ቤት

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። የሰዓቱን ነገር እኔ በሕይወቴ አላስበውም ነበር።

ባሕር_ማዶ

ስለ ፓስወርድ ማንም አላነሳም። ገጣሚው የሰጠሽን ቀይሪ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ፓስወርዳቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ሪከርደሮችን በብዛት ይዞ በጥቅምት ወር ትልልቅ ድረ ገጾችን አስተጓጉሏል። ቁልፉ ያው ከፋብሪካ የመጣው ፓስወርድ ነበር። ገጣሚውም በራሱ ስልክ ካሜራሽን እያየ እንዳይቆይ አካውንቱን በራስሽ ስልክ ቁጥር አስከፍቺ። ለወንድምሽ ማየት ብቻ የሚችል አካውንት ስጪው።

ፒያሳ_ፔንሲዮን

ሪከርደሩን የት ልታስቀምጪው ነው? እኛ አጠገብ ያለ አንድ ሱቅ ተሰብሮ ሌቦቹ ከገንዘብ መሳቢያው ሥር የነበረውን ሪከርደር ይዘውት ሄዱ። ካሜራው በሙሉ ቀርቷል፣ ቀረጻው ግን የለም።

የጥልፍ_ቤት

እኔ ደግሞ ያሰብኩት እዚያው መሳቢያው ሥር ነበር! እሺ፣ እንግዲያው የዕቃ ክፍሏ ውስጥ ከጋቢዎቹ ኋላ ላድርገው?

ሽቦ_ዘርጊ

ከጋቢ ኋላ አይሆንም። ይሞቃል፣ አቧራና የጥጥ ብናኝ ይገባበታል፣ ዲስኩ ቶሎ ይሞታል። ብረት ሠሪ ጋ ሄደሽ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ሣጥን አሠሪ፣ ዕቃ ክፍሏ ውስጥ ከፍ ብሎ ከግድግዳው ጋር በቡሎን ይታሰር፣ ይቆለፍ። ሽቦዎቹ በቱቦ ይግቡ። አይጥ ሽቦ ትበላለች፣ ፀሐይም ውጭ ያለውን ሽፋን ታሰነጣጥቀዋለች።

ዋጋውን እኔ አልነግርሽም፣ በየጊዜው ይለዋወጣል። ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቂ፣ የካሜራውን የሌንስ ቁጥር፣ የሽቦውን ዓይነትና የዲስኩን ስም ደረሰኙ ላይ አስጽፊ። በቃል የተባለ መዳብ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ሆኖ ይገኛል።

የጥልፍ_ቤት

እንግዲህ የወሰንኩት ይህ ነው። ለሱቅ ሦስት፣ ለግቢ ሦስት፣ ሁሉም ፖኢ። የበሩ 6 ሚሊሜትር፣ ምክንያቱም ከባንኮኒው እስከ በሩ ስለካው 6 ሜትር ሆነ። ለሁለቱም ቦታ 2 ቴራ። ለሱቁ ትንሹን ዩፒኤስ አደርጋለሁ። ለግቢው ባትሪና ኢንቨርተር፣ እናቴም መብራት ታገኝበታለች። ከጥምቀት በፊት ያልቃል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለሙያው ሥራውን ሲያስረክበኝ ምን ምን ላይ?

ሽቦ_ዘርጊ

ባንኮኒሽ በሩን ፊት ለፊት የሚያይ ከሆነ 6 ሚሊሜትሩ ልክ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ብቻ አይተሽ አትረከቢ። አንዴ ጠዋት ፀሐይዋ በበሩ ስትገባ፣ አንዴ ደግሞ ከመሸ በኋላ መብራት አጥፍታችሁ እዩት። ሁለቱንም ጊዜ የማታውቂው ሰው በበሩ ይግባ፣ በተለመደው እርምጃ፣ ሳይቆም። ከዚያ ቀጥታ የሚታየውን ትተሽ የተቀዳውን ክፈቺ፣ አቁሚው፣ አጉዪው። ፊቱ ከተለየ ጥሩ። ካልተለየ ካሜራው ዝቅ ይበል ወይም ሌንሱ ይቀየር።

ከዚያ ብሬከሩን አውርጂ። ሪከርደሩ ሳይጠፋ በባትሪው መቀጠሉን እዪ። ባትሪውንም ንቀዪና መልሰሽ ሰኪ፤ ሰው ሳይነካው ራሱ ተነስቶ መቅዳት ይጀምር። የራውተሩን ሽቦ ንቀዪ፣ ቀረጻው ይቀጥል። መጨረሻ ላይ የአምስት ደቂቃ ቀረጻ ባለሙያው ሳይነካ አንቺ ራስሽ ወደ ፍላሽ አውጪና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቺው። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ከክፍያው የተወሰነውን ያዢ። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ በዚህ አይከፋም።